የሕክምና ቦርድ «35 በመቶ» ብሎ የጉዳት ዳረጎት ብቻ ሲወሰን ይግባኝ የሚባለው በምኑ ላይ ነው?

ሰብለ፣ ከአራዳ

ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዬ የታላቅ ወንድሜን ጉዳይ የሚመለከት ነው። ወንድሜ በመሀል ከተማ በሚገኝ አንድ የግል ማተሚያ ቤት ውስጥ ለብዙ ዓመታት በወረቀት መቁረጫ ማሽን ላይ ሲሠራ ቆይቶ በሥራ ሰዓት ማሽኑ ቀኝ እጁን ስለጎዳው አመልካች፣ የመሀልና የቀለበት ጣቶቹን አጥቷል። አውራ ጣቱ ቢተርፍም እንደ ቀድሞው አይታጠፍለትም። ሕክምናው ካበቃ በኋላ የሕክምና ቦርድ ፊት ቀርቦ፣ ቦርዱ ጉዳቱ 35 በመቶ መሆኑንና ቀላል ሥራ መሥራት እንደሚችል ጽፎ ሰጠው። የጡረታ ጉዳዩን የሚያየው መሥሪያ ቤትም ይህንን መሠረት በማድረግ በየወሩ የሚከፈል አበል እንደማይገባውና የሚያገኘው በአንድ ጊዜ የሚከፈል የጉዳት ዳረጎት ብቻ መሆኑን በደብዳቤ አሳወቀው።

ከሁሉ ይልቅ እኛን ያስጨነቀን አሠሪው በዚያው የቦርድ ማስረጃ ላይ ተመሥርቶ «የመሥራት ችሎታውን ስላጣ» በማለት የሥራ ውሉን ማቋረጡ ነው። ሥራውን ያጣው መሥራት አይችልም ተብሎ ሲሆን፣ ወርሃዊ አበል የተከለከለው ደግሞ መሥራት ይችላል ተብሎ ነው። ወንድሜ ዕድሜው 46 ዓመት ሲሆን ከስምንተኛ ክፍል በላይ አልተማረም፤ ከማተሚያ ቤት ሥራ ሌላ የሚያውቀው ሙያ የለም፤ የሁለት ልጆች አባትም ነው። የሰፈር ሰው «የሰጡህን አርፈህ ውሰድ» ይለዋል፣ እርሱም ወደዚያው እያዘነበለ ነው።

ይግባኝ የሚቀርበው ለማን ነው? መከራከር ያለብን መቶኛው አንሷል ብለን ነው ወይስ በሌላ ነገር? ዳረጎቱን ተቀብሎ መከራከርስ ይቻላል? ከይግባኙ በኋላ ምን እንደሚከተልም በሂደቱ ያለፋችሁ ብትነግሩኝ ከልብ አመሰግናለሁ።


ጠበቃ ተካልኝ

እኅት ሰብለ፣ በቅድሚያ ለወንድምዎ ምሕረቱን ይላክለት። ብዙ ሰው ጉልበቱን በማይገባው ቦታ የሚያፈሰው ሁለተኛው ጥያቄዎ ላይ ስለሆነ ከዚያ ልጀምር።

የቦርዱ ማስረጃ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይናገራል። አንደኛው የጉዳቱ መጠን በመቶኛ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ሰውየው ከጉዳቱ በኋላ መሥራት ይችላል ወይስ አይችልም የሚለው ነው። በጡረታ ሕጉ መሠረት በሥራ ምክንያት ከ10 በመቶ ያላነሰ ጉዳት ደርሶበት በዚያው የተነሣ ለዘለቄታው መሥራት የማይችል ሠራተኛ በሕይወት እስካለ ድረስ የጉዳት ጡረታ አበል ይከፈለዋል፤ መጠኑም ጉዳቱ ከመድረሱ በፊት በነበረው ወር ያገኝ ከነበረው መደበኛ ደመወዝ 47 በመቶ ነው። ጉዳቱ ከ10 በመቶ ባያንስም የመሥራት ችሎታውን አላጣም የተባለ ሠራተኛ ግን የሚያገኘው የጉዳት ዳረጎትን ነው፤ ይኸውም ያው 47 በመቶ በ60 ወራት ተባዝቶ፣ ውጤቱ እንደገና በጉዳቱ መቶኛ ሲባዛ የሚገኘው ገንዘብ ነው።

የወንድምዎን ደመወዝ ስለማላውቅ ለምሳሌ ያህል 9,000 ብር ነበር ብለን እናስላው። 47 በመቶው 4,230 ብር ይሆናል። በ60 ሲባዛ 253,800 ብር፣ ከዚያ ላይ 35 በመቶው ደግሞ 88,830 ብር ነው። ይህ ገንዘብ የ21 ወራት አበል ማለት ነው። ደመወዙ ምንም ያህል ቢሆን 35 በመቶ ሁልጊዜ 21 ወር ነው። አሁን ይግባኝ ብላችሁ መቶኛው ከ35 ወደ 45 ከፍ ቢልላችሁ የምታገኙት ተጨማሪ 25,380 ብር፣ ማለትም የስድስት ወር አበል ነው። «ቀላል ሥራ መሥራት ይችላል» የሚለው አንድ መስመር ቢለወጥ ግን መቶኛው እዚያው 35 ላይ ቢቆይ እንኳ ወንድምዎ ዕድሜ ልኩን በየወሩ አበል ያገኛል፤ እርሱ ቢያልፍ ደግሞ ሚስቱና ልጆቹ የተተኪ አበል ይኖራቸዋል፤ የሚስት ድርሻ የአበሉ ግማሽ ነው። ስለዚህ የይግባኛችሁ ዋና ነጥብ ሁለተኛው መስመር መሆን አለበት፤ መቶኛውን በአማራጭ አንሡት።

በተጨማሪም የሥራ ላይ ጉዳት አበልን ከጤና ጉድለት ጡረታ ጋር የሚያቀላቅሉ ሰዎች አሉ። አሥር ዓመት አገልግሎት የሚጠየቀው ከሥራ ጋር ባልተያያዘ የጤና ችግር መሥራት ላልቻለ ሰው ለሚሰጠው የጤና ጉድለት ጡረታ ነው። በሥራ ምክንያት ለሚደርስ ጉዳት ይህን ያህል ዓመት ማገልገል ግዴታ አይደለም፤ ስለዚህ «አገልግሎትህ አይሞላም» የሚል መልስ ቢመጣ እንዳትቀበሉት።

ይግባኙ የሚቀርበው ለማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባዔ ነው። ጉባዔው በፍሬ ነገር፣ ማለትም በተፈጸመው ነገርና በማስረጃው ረገድ የሚሰጠው ውሳኔ የመጨረሻ ነው፤ የሕግ ስህተት አለበት የሚል ወገን ግን ውሳኔው በተሰጠ በ30 ቀናት ውስጥ ለፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ማቅረብ ይችላል። ይህ አከፋፈል ትልቅ ትርጉም አለው። ወንድምዎ መሥራት ይችላል ወይስ አይችልም የሚለው ጭብጥ የፍሬ ነገር ጉዳይ በመሆኑ፣ በጉባዔው ያላቀረባችሁትን የሐኪም ማስረጃ በኋላ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ላቅርበው ብትሉ የሚያስተናግዳችሁ አይኖርም። ያላችሁን ማስረጃ ሁሉ ለጉባዔው አቅርቡ። የመሥሪያ ቤቱ የውሳኔ ደብዳቤ የደረሳችሁበትን ቀንም በማኅተም ወይም በፊርማ አረጋግጣችሁ ያዙ፣ ለጉባዔው ይግባኝ የማቅረቢያው ጊዜ የሚቆጠረው ከዚያ ነውና።

ዳረጎቱን መቀበልን በተመለከተ ችግር ላይ ላለ ቤተሰብ ገንዘቡን አትንኩ ብሎ መምከር አልችልም። ሆኖም በሚፈርምበት ወረቀት ላይ «በውሳኔው ላይ ያለኝ ቅሬታና የይግባኝ መብቴ እንደተጠበቀ ሆኖ ተቀብያለሁ» ብሎ በእጁ እንዲጽፍበት ወይም ይህንኑ የሚገልጽ ደብዳቤ ለመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት አስገብቶ የገቢ ቁጥር እንዲይዝ እመክራለሁ። «የመጨረሻ ክፍያዬ ነው፣ ሌላ ጥያቄ የለኝም» የሚል ቃል ያለበትን ሰነድ ግን አይፈርም።

አሁን ወደ አሠሪው እመለሳለሁ፤ ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚያስቸኩለው እርሱ ነው። ከአሠሪው ጋር ያለው ክርክር የሚመራው በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሲሆን የሚቀርበውም ለፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው። የጡረታ ይግባኙን ውጤት ልጠብቅ ብትሉ ይህኛው መብት በይርጋ፣ ማለትም የማቅረቢያ ጊዜው በማለፉ ይታገዳል። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ጥያቄ ውሉ በተቋረጠ በሦስት ወር ውስጥ፣ ከውሉ መቋረጥ የሚመነጩ የክፍያ ጥያቄዎች ደግሞ በስድስት ወር ውስጥ መቅረብ አለባቸው። በሕክምና ቦርድ በተረጋገጠ የአካል ጉዳት ምክንያት ውሉ የተቋረጠበት ሠራተኛ የሥራ ስንብት ክፍያ የመጠየቅ መብት አለው። ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ ሥራ ላይ ባልነበረባቸው ወራትም አሠሪው የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ የመጨረሻዎቹን ስድስት ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ መክፈል ነበረበት። የሕክምናውን ወጪ፣ አስፈላጊ ከሆነም የሰው ሠራሽ አካል ወጪን መሸፈን የአሠሪው ግዴታ ነው። እነዚህ በትክክል መፈጸማቸውን አረጋግጡ። ሠራተኛ ለሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም፤ ስለዚህ ገንዘብ የለንም ብላችሁ አትቅሩ።

የስንብት ደብዳቤውን ግን በጥንቃቄ አስቀምጡት። አሠሪው በማኅተሙ «የመሥራት ችሎታውን አጥቷል» ብሎ የጻፈው ደብዳቤ ለጡረታ ይግባኛችሁ ከምትጠሩት ምስክር ሁሉ የበለጠ ማስረጃ ነው፤ ሥራውን በየቀኑ የሚያየው አሠሪ ራሱ መስክሯልና።


የአጥንት ሐኪም

ጠበቃው ስለ ሁለተኛው መስመር ያሉትን በሕክምናው በኩል ላጠናክረው እወዳለሁ፤ ቀደም ሲል በቦርድ ተቀምጬ አይቻለሁና።

የቦርድ ሐኪሞች የሚመልሱት የተጠየቁትን ነው። ከአሠሪው የሚመጣው ደብዳቤ አብዛኛውን ጊዜ «የጉዳቱ መጠን በመቶኛ ተገልጾ እንዲላክልን» የሚል ብቻ ነው፤ ሰውየው ምን ሥራ ይሠራ እንደነበር፣ ሥራው በየትኛው እጅ እንደሚሠራ፣ ምን ያህል ክብደት እንደሚያነሣ አይጽፍም። ሐኪሙ በተመደበለት አጭር ጊዜ ራጁን ያያል፣ የጎደለውን ጣት ይቆጥራል፣ ሠንጠረዡን ይመለከታል፣ መቶኛውን ይጽፋል። «ቀላል ሥራ መሥራት ይችላል» የሚለው ቃል ደግሞ በልማድ የሚታከል ነው፤ የትኛው ቀላል ሥራ እንደሆነ ጠይቆ የሚጽፍ ሐኪም ጥቂት ነው። ይህን የምለው ባልደረቦቼን ለመውቀስ አይደለም፤ ጥያቄው በትክክል ከተጻፈ መልሱም በትክክል እንደሚጻፍ ስለማውቅ ነው።

የወንድምዎ ጉዳይ ደግሞ ይህ ክፍተት ጎልቶ የሚታይበት ነው። በሕክምናው አውራ ጣት ብቻውን ከእጅ አገልግሎት 40 በመቶ ያህሉን እንደሚይዝ ይታሰባል። አውራ ጣቱ ተርፏል ተብሎ ከተቆጠረ መቶኛው ዝቅ ይላል፤ ነገር ግን የማይታጠፍና ከሌላው ጣት ጋር መገናኘት የማይችል አውራ ጣት ዕቃ አይጨብጥም። ስለዚህ አንድ የአጥንት ወይም የእጅ ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስት ጋር ቀርቦ የአውራ ጣቱ የመታጠፍ መጠን በዲግሪ ተለክቶ፣ የሁለቱም እጆቹ የመጨበጥ ኃይል በመለኪያ መሣሪያ ተነጻጽሮ፣ በተቆረጡት ጣቶች ጫፍ ላይ ሕመም ወይም ንዝረት መኖር አለመኖሩ፣ ብርድ ሲነካው የሚሰማው ሥቃይም በዝርዝር እንዲጻፍለት ጠይቁ። ጣት የተቆረጠ ሰው በክረምት ወራት በአዲስ አበባ ብርድ እንዴት እንደሚሠቃይ የሚያውቀው ያየው ነው፤ በራጅ ላይ ግን ይህ አይታይም።

ለይግባኙ ስትጽፉ «መቶኛው ያንሳል» ከማለት ይልቅ እንደገና የሚመረምረው ቦርድ እንዲመልስላችሁ የምትፈልጉትን ጥያቄ ራሳችሁ ጻፉት፦ ይህ ቀኝ እጁ የተጎዳ፣ የወረቀት መቁረጫ ማሽን ሠራተኛ የነበረ ሰው ወደ ቀድሞ ሥራው ሊመለስ ይችላል ወይ? ከዕድሜው፣ ከትምህርቱና ከሙያው አንጻር ደመወዝ የሚያስገኝለት ሌላ ሥራ ምንድን ነው? የሥራ ዝርዝሩን ከማተሚያ ቤቱ በጽሑፍ ጠይቃችሁ አያይዙ፤ ከከለከሉ ደግሞ አብረውት የሠሩ ሰዎች ሥራውን በዝርዝር ይግለጹ።

ጉዳቱ ወደፊት ቢባባስም በሩ አልተዘጋም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የሠራተኛው ሁኔታ ሲባባስ፣ ሲሻሻል ወይም ምርመራው የተሳሳተ ሲሆን የጉዳቱ መጠን በሠራተኛው ወይም በአሠሪው ጥያቄ እንደገና እንዲመረመር ይፈቅዳል። ይህ ግን በሁለት ወገን የሚሠራ ነው፤ ሲሻሻል ሊቀነስም ይችላል። ለምርመራ ሲጠራ አለመቅረብ ክፍያን ሊያሳግድ ስለሚችል ቀጠሮ አያሳልፍ።


አልማዝ፣ ከልደታ

ልጄ ሰብለ፣ እኔ ሐኪምም የሕግ ሰውም አይደለሁም፤ ባለቤቴ ጋራዥ ውስጥ ወገቡ ላይ ጉዳት ደርሶበት በዚህ መንገድ ያለፍን ሰዎች ነን። ስለዚህ ከይግባኙ በኋላ ስለሚሆነው ብቻ ልንገርሽ።

ይግባኙ ከገባ በኋላ ጉባዔው ለመሥሪያ ቤቱ መጥሪያ ልኮ መልስ እንዲሰጥ አደረገ። የመሥሪያ ቤቱ መልስ አጭር ነበር፤ «ውሳኔው በሕክምና ቦርድ ማስረጃ ላይ የተመሠረተ ነው» የሚል ነው። እኛ ያያያዝነው የስፔሻሊስት ሐኪም ማስረጃ ከቦርዱ ጋር ስለተጋጨ ጉዳዩ እንደገና በሕክምና ቦርድ እንዲታይ ታዘዘ። ብዙ ሰው «ተመለሰብን» ብሎ ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው፤ እኔ ግን በጣም የጠቀመን ትእዛዝ እርሱ ነበር ባይ ነኝ። ሁለተኛው ቦርድ የባለቤቴን የሥራ ዝርዝር አይቶ መቶኛውን ሳይነካ የመሥራት ችሎታውን በሚመለከት የተለየ ነገር ጻፈ። ጉባዔው የወሰነልን በዚያ ነው።

ውሳኔው ከተሰጠ በኋላም ገንዘቡ በማግሥቱ አይመጣም። የውሳኔውን ግልባጭ አስመትታችሁ ለመሥሪያ ቤቱ ታስገባላችሁ፣ ስሌት ይሠራል፣ የባንክ ሒሳብ ይከፈታል። ቀደም ብሎ የወሰድነው ዳረጎት ከውዝፉ ላይ ተቀንሶብናል፤ እኛም ትክክል ነው ብለን ተቀብለናል፣ ምክንያቱም ለአንድ ጉዳት ሁለቱም ሊከፈል አይችልም። የስሌቱን ወረቀት ግን በጽሑፍ ጠይቃችሁ ውሰዱ፤ ስንት እንደተቀነሰ፣ ለየትኞቹ ወራት እንደታሰበ እያንዳንዱን መስመር አይታችሁ ካልገባችሁ ጠይቁ። ወራት መውሰዱን አስቀድማችሁ እወቁና የቤቱን ወጪ በዚያው ልክ አስቡ። ዕዳ ገብተው «ሰሞኑን ይከፈለኛል» ብለው ቃል የሰጡ ሰዎች ሲቸገሩ አይቻለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ በኮሪደር ልማቱ ሲነሣ የሰፈሩ ሰው ወደየአቅጣጫው ሄዷል። እናንተም ከተነሡት መካከል ከሆናችሁ የአድራሻ ለውጣችሁን ለጉባዔውም ለመሥሪያ ቤቱም በደብዳቤ አሳውቁ። መጥሪያ በድሮው አድራሻ ሄዶ ሰውየው ሳይቀርብ ሲቀር መዝገቡ ሊዘጋበት ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ማስከፈቱ ሌላ ልፋት ነው።

ባለቤትሽን… ይቅርታ፣ ወንድምሽን «አርፈህ ውሰድ» የሚሉትን ሰዎች አትቀየሚያቸው፤ እነርሱም ስለተሰላቹ ነው። እርሱ ግን ልጆች አሉት። የ21 ወር ገንዘብ ልጅ አያሳድግም።


ሰብለ፣ ከአራዳ

ለሁላችሁም ከልብ አመሰግናለሁ። የጠበቃውን ስሌት ለወንድሜ ሳነብለት ዝም ብሎ አዳመጠና «እንግዲያውስ ይግባኝ እንበል» አለኝ። የአሠሪው የስንብት ደብዳቤ ከተጻፈ ገና ሁለተኛ ወሩን እየያዘ ስለሆነ በፍርድ ቤቱ በኩል ያለው ጊዜም አላለፈም። የእጅ ስፔሻሊስት ቀጠሮም ይዘናል።

የቀረኝ ጥያቄ አንድ ነው። ወንድሜ በቀኝ እጁ መፈረም አይችልም፤ በባንክም በመታወቂያውም ያለው የቀድሞ ፊርማው ነው። ቀጠሮ በሆነ ቁጥር እየተመላለሰ መቆምም ይከብደዋል። እኔ ስለ እርሱ መከራከር እችላለሁ?


ጠበቃ ተካልኝ

ይችላሉ። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ የቅርብ ቤተሰብ ጠበቃ ባይሆንም በውክልና እንዲከራከር ይፈቅዳል። ወንድምዎ በሰነዶች ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ቀርቦ ውክልና ይስጥዎት፤ በውክልናው ላይ በማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባዔም በፍርድ ቤትም ለመከራከር፣ ማስረጃ ለማቅረብና ለማውጣት፣ ውሳኔ ለመቀበልና ይግባኝ ለማለት የሚሉት ሥልጣኖች በየስማቸው ይጻፉ፤ «ስለ እኔ ሆና ታስፈጽም» የሚል ጠቅላላ ቃል ብቻ በቂ አይሆንም። ገንዘብ የመቀበል ሥልጣን በውክልናው ውስጥ ይግባ አይግባ ሁለታችሁ ተመካክራችሁ ወስኑ።

ፊርማውን በተመለከተ በግራ እጁ ወይም በጣት አሻራ መፈረም ይችላል፤ ዋናው ነገር ከዚህ ወዲያ በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ማድረጉ ነው። ከውክልናው በፊት ወደ ባንኩ ሄዶ የሕክምና ማስረጃውን አሳይቶ የፊርማ ናሙናውን ያስለውጥ፤ አለበለዚያ ውሳኔው ወጥቶ አበሉ ሒሳቡ ውስጥ ከገባ በኋላ ፊርማው አልተመሳሰለም ተብሎ ገንዘቡን ማውጣት ሊቸገር ይችላል። ቢሮው ፎቅ ላይ ሆኖ ሊፍት ከሌለው ወደ ምድር ወርደው እንዲያስተናግዱት መጠየቅ እንደሚችልም ንገሩት፤ ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች፣ ሕንፃዎችም ለአካል ጉዳተኞች አመቺ እንዲሆኑ የሕንፃ አዋጁ ያስገድዳል።

ለሥራ ክርክሩ ግን የጡረታውን ወረቀቶች አትጠብቁ። ክሱን በዚህ ሳምንት አስገቡ፤ የስንብት ደብዳቤውን ዋናውን ለራሳችሁ አስቀርታችሁ ለፍርድ ቤቱ ኮፒውን፣ ለጉባዔውም ሌላ ኮፒ አያይዙ።